ያልተገዘተችው

አቶ ማንያዘዋል በይግባኝ ነጻ መውጣቱን አምሳል የሰማችው ሽንኩርት ላጪ ተብላ ስትጠራ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሆቴሉን አንሶላ ነክራ እጇ በደባርቅ ቀዝቃዛ ውሃ እስከ ክንዷ ቀልቶ ሳለ ስልኳ ጠራ። ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ አነሣችው። ደዋይዋ የማንያዘዋል ሚስት ዓለምዬ ነበረች፤ ድምጿ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲያወራ እንዳደረ ሰው ጎርነን ብሏል። «አበልጅ፣ እንኳን ደስ ያለን። ጎንደር ላይ ትናንት ፈረዱለት፤ የመጀመሪያውን ፍርድ ሽረው በነጻ አሰናበቱት። ዛሬ ከሰዓት ይገባል። ሠላሳ ኪሎ ሽንኩርት አስመጥቻለሁ፣ ቢላሽን ይዘሽ ነይ፤ እዚህ ያሉት ዶልዱመዋል» አለቻት። አምሳል «የሺዋስስ?» አለች፤ ባሏን መጠየቋ ነው። ከወዲያ በኩል በግ ጮኸ፣ አንድ ወንድ «ገመዱን አጥብቀው እንጂ» አለ። «የሱም ይደርሳል እንጂ» አለች ዓለምዬ። «ራሱ ከወጣ ጭራው የት ይቀራል? ነይ ብቻ፣ ስትመጪ እናወራለን።»

አምሳል አንሶላውን ጥላ አልሮጠችም። አለቀለቀች፣ ጨመቀች፣ ገመዱ ላይ አሰጣች። ስድስት አንሶላ ነው፤ በአንዱ አሥራ አምስት ብር ይከፍሏታል፣ ያውም እንግዳ ሲኖር። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ተራራውን ሊያይ የሚመጣው ሰው ይቀራል፣ ሰው ሲቀር አንሶላ አይቆሽሽም። የተከራየችው ክፍል ወይዘሮ ጤናዬ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት አራት ሰርቪስ ቤቶች የመጨረሻው ነው፤ በወር አንድ ሺህ ሦስት መቶ። ውስጡ አንድ አልጋ፣ ሦስት ጀሪካን፣ የሺዋስ በኮሌጅ ምርቃቱ ጋውን ለብሶ የቆመበት ፎቶ፣ ንፋስ የሚያስገባው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሲሚንቶ ከረጢት አለ። የስድስት ዓመት ልጇን ሲሲን ወይዘሮ ጤናዬ ከራሳቸው የልጅ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ወስደዋታል። አምሳል እዚህ የገባችው ባሏ የታሰረ ሰሞን ነው፤ ከዚህ እስከ ማረሚያ ቤቱ በር ስንቅ ይዞ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፣ ቤቱን የመረጠችውም ለሌላ ነገር አልነበረም።

ታሪኩን ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ለማያውቅ በአጭሩ እንዲህ ነው። የአንድ ወረዳ ገበሬ ወላድ በቃሬዛ ላይ ስትሞትበት ሰልችቶት፣ ጤና ጣቢያው አጠገብ የእናቶች ማቆያ ቤት ይሠራልን ብሎ ገብሱን ሸጦ ብር አዋጣ። ብሩ የወረዳው ፋይናንስ ተቀመጠ። ቤቱ ሳይሠራ ብሩ አለቀ፤ ለነዳጅ፣ ለእንግዳ አልጋ፣ ማን እንደበላቸው ለማይታወቅ በጎች። ማንያዘዋል አስተዳዳሪው፣ የሺዋስ ገንዘብ ያዡ ነበሩ። ሁለቱም ተከሰሱ፤ ማንያዘዋል ሰባት፣ የሺዋስ አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ማንያዘዋል የጎንደር ጠበቃ ይዞ ይግባኝ አለ። የሺዋስ ይግባኝ አላለም። ያላለው በሞኝነት አይደለም፣ ወይም ሞኝነቱ ሌላ ዓይነት ነው። ሲሲን ክርስትና ያነሣቻት ዓለምዬ ናት፤ ሁለቱ ቤቶች በዚህ አበልጅ ሆነዋል፣ አበልጅ ደግሞ በዚህ አገር ከወንድም ይቀርባል። ክሱ ከመሰማቱ በፊት ሽማግሌዎች ሁለቱን ሰዎች የሺዋስ ቤት አስቀምጠው አስማሟቸው። አበልጅ በአበልጁ ላይ አይመሰክርም፣ አንዱ የሌላውን ስም በችሎት አያነሣም ተባለ። መምሬ ገዱ መስቀላቸውን አውጥተው ቃሉን ባፈረሰው ላይ፣ በልጆቹም ላይ ግዝት ጣሉ። ሁለቱም መስቀሉን ተሳለሙ። ዳኛው የሺዋስን «ማን አዘዘህ?» ብለው ሲጠይቁት መሬት መሬቱን እያየ «ሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው» አለ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም። ይግባኝ ልበል ቢል ያንኑ ስም ማንሣት ሊኖርበት ነው። «ታገሥ፣ እሱ ሲወጣ አንተንም ያወጣሃል» አሉት ሽማግሌዎቹ። ታገሠ። የይግባኙ ቀን አለፈ። ከተፈረደበት ዛሬ ዓመት ከአራት ወሩ ነው።

አምሳል ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች፤ በቀጥታ ወደ ዓለምዬ ቤት ግን አልሄደችም። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰይፈ ሥላሴ የሚባል ሰው አለ። ድሮ የችሎት ጸሐፊ ነበር፣ ለምን እንደወጣ አይናገርም። የፍርዱን ግልባጭ አንዱ ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎት ነበርና ሰይፈ ሥላሴ በስልኩ አግኝቶታል። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አነበበላት። «ይግባኝ ባይ ገንዘቡ ወጪ እንዲሆን በጽሑፍም ሆነ በቃል ትዕዛዝ ስለመስጠቱ የቀረበ ማስረጃ ባለመኖሩ፣ ገንዘቡም ወጪ የሆነው በገንዘብ ያዡ ፊርማ ብቻ በመሆኑ…» ሲል አቆመ።

«በአማርኛ ንገረኝ» አለች አምሳል።

«አማርኛ ነው እኮ። ብሩን ያወጣው ባልሽ ብቻ ነው ብለዋል። ይሄ ለማንያዘዋል መፈታት ነው፣ ለባልሽ ሁለተኛ ፍርድ ነው። ስሙ እንኳ አልተጠራም፤ ‹ገንዘብ ያዡ› እየተባለ ነው እስከ መጨረሻው።»

መንገድ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰይፈ ሥላሴ እንደ ጠበቃ ተስፋ መሸጥ አያውቅበትም፤ ደንበኛው የበዛውም ያነሰውም በዚሁ ነው። የይግባኙ ጊዜ ማለፉን፣ ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው ግን ይፈቀድልኝ ብሎ ማመልከት እንደሚችል ነገራት። ምክንያቱ አፉ በግዝት ታስሮ ነበር የሚል ከሆነ ዳኞች ይስቁበት ወይም ያዝኑለት እንደሆነ አያውቅም። ከጎኑ ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ታዝዞ እንጂ በራሱ ፈቃድ እንዳላወጣው የሚናገር ሰው። «ከሁሉም የሚሻለው ያዘዘው ራሱ አንድ ገጽ ቢፈርምልሽ ነው» አለ። «ዛሬ በግ የሚታረድለት ሰው። ጫጩት ከጭልፊት አፍ ነው የምትለምኚው፣ ግን ሌላ አላውቅልሽም።»

የማንያዘዋል ግቢ በር ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ቆሞ «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። ጨርቁ ተሠፍቶ የተጻፈው በአንድ ሌሊት ሊሆን አይችልም፤ አምሳል ይህን አስተዋለችና ለራሷ ያዘችው። ድንኳኑ ተተክሏል፣ የኪራይ ወንበር ከጋሪ ላይ እየተራገፈ ነው፣ ቢራው በሳጥን በሳጥን ከግድግዳው ተደግፎ ተደርድሯል። ከጓሮ አሥራ ሁለት ያህል ሴቶች በርጩማና በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ስትገባ ወሬያቸው አንድ ጊዜ ተቋረጠ፣ ከዚያ ሰፋ አድርገው ቦታ ሰጧት፤ ከልክ ያለፈ ቦታ። ዓለምዬ ከወዲያ መጥታ አቀፈቻት፣ ትከሻዋ ላይ ትንሽ አለቀሰች፣ «የኔ እናት፣ ሁሉም በጊዜው ነው» አለቻትና ጨው የት እንደተቀመጠ የጠፋት ልጅ ስትጠራት ሄደች። እናወራለን ያለችው ወሬ ይኸው ነበር።

አምሳል ላጠች። ሴቶቹ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ለምን በግ እንጂ በሬ እንዳልታረደ አወሩ። አንዲት ወፍራም ሴት «ዞኑ ሁሉ እየመጣ ነው አሉ፤ ሲታሰር ስልኩን ያጠፉበት ሁሉ፣ ዛሬ ከእርሱ መኪና ቀድመው ለመግባት ጥሩምባ ይነፋሉ» ስትል ሌላዋ «ምን ይደረግ፣ የሹም ወዳጅ እንደ ደባርቅ ፀሐይ ነው፣ ደመና ሲገፈፍ ብቅ ይላል» አለችና ሳቁ። አንዷ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ አምሳልን በዓይኗ ጥግ ስታይ የቆየች «አንቺዬ፣ ባልሽ መቼ ነው የሚወጣ?» አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ ጨዋታ ማስገባቷ ነው። አምሳል ቁጥሩን ታውቀው ነበር፣ ዓመቱን ከወሩ ከቀኑ፤ ግን «እግዜር ያውቃል» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃትም። ሽንኩርቱ ዓይናቸውን ሁሉ እያስለቀሰ ነበርና፣ ከመካከላቸው የእውነት ታልቅስ አታልቅስ የሚለይ አልነበረም። አምሳል አላለቀሰችም። ስለ አንዱ ገጽ ነበር የምታስበው፤ ማንያዘዋልን ምን እንደምትለው፣ ከየትኛው ቃል እንደምትጀምር። አምባ ጊዮርጊስ ደርሰዋል ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ዳባትን አለፉ ተባለ። ባልዲው ሞላ፣ ሌላ ባልዲ መጣ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ገቡ። እልልታው፣ ግፊያው፣ በስልክ የሚቀርጹት ወጣቶች፣ የዞን ሰዎች ካፖርት ሁሉ አንድ ላይ ግቢውን ሞላው። ማንያዘዋል ከስቷል፣ ጢሙ ነጭ አውጥቷል፣ ግን ኮቱ አዲስ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ከመቀመጡ በፊት ጫማ ሊቀይር ወደ ውስጥ ገባ። አምሳል የእጅ ማስታጠቢያውን ከምታስታጥበው ልጅ እጅ ተቀበለችና ተከተለችው። መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው ላይ ሰዎች ያመጧቸው ጋቢዎች ተቆልለዋል። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታል። ቀና ሲል አያት፣ ፊቱ ላይ የመጣው ደስታ እውነተኛ ነበር፤ ይሄ ነገሩን የባሰ አከበደባት። ተነሥቶ ጉንጯን ሳማት፣ ሲሲን ጠየቃት፣ አምሳልም ውሃውን በእጆቹ ላይ እያፈሰሰች መለሰችለት። ከዚያ የምትፈልገውን ነገረችው፤ አንድ ገጽ፣ አንድ ፊርማ።

ውሃው ካለቀ በኋላም እጆቹን ያሻሽ ነበር። «አበልጅ» አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰበር የሚባል ነገር አለ። ዐቃቤ ሕጉ ዝም ብሎ የሚያድር እንዳይመስልሽ። የዛሬዋን አንድ ገጽ ቢያገኝ ነገ ተመልሼ እዚያው ነኝ። ጊዜው ይለፍ። ከዚያ ጠበቃውን እኔው ራሴ እቀጥርለታለሁ። እስከዚያ ለሲሲ ትምህርት ቤት…»

«ያን ጊዜም ታገሡ ነው የተባልን።»

«የሺዋስ ሰው ነው። ቃሉን ጠብቋል። እኔም ጠብቄያለሁ፣ ጠበቃዬ አንድ ቀን ስሙን አላነሣም።»

«እርስዎ ጠብቀው ወጡ» አለች አምሳል። «እሱ ጠብቆ ቀረ።»

ማንያዘዋል ፎጣውን ከትከሻዋ ላይ ወሰደ፣ እጁን በጥንቃቄ፣ ጣት በጣት አደረቀ። ከውጭ ሰዎች እየጠሩት ነው። «ተቆጥተሻል፣ አልፈርድብሽም» አለና ፎጣውን አጥፎ መልሶ ትከሻዋ ላይ አደረገው። እሷ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሰውየው አልዋሸም፣ አልተቆጣም፣ አላባረራትም። እንዲህ ያለውን ሰው በምን እንደሚይዙት አታውቅም።

ድንኳኑ ውስጥ መምሬ ገዱ ማዕዱን ሊባርኩ ተነሥተው ነበር። ሰባውን ያለፉ፣ ጥምጣማቸው ከፊታቸው የሚሰፋ፣ አምሳልን ያቆረቡ የነፍስ አባቷ ናቸው። ጸሎቱ አልቆ «አሜን» ሲባል፣ ሰው ሁሉ ገና እንጀራው ላይ እጁን ሳያሳርፍ፣ አምሳል ከሴቶቹ ወገን ወጥታ ከፊታቸው ቆመች። ማስታጠቢያውን አላስቀመጠችውም ነበርና ሰዉ ልታስታጥብ የመጣች መስሎት እጁን ዘረጋ። «አባቴ» አለች፣ «በየሺዋስ ላይ ያለውን ግዝት ይፍቱልኝ።»

«ግዝቱ የሁለት ሰው ነው፣ ልጄ» አሉ መምሬ ገዱ ቀስ ብለው። «ሁለቱ አብረው ገቡ፣ ሁለቱ አብረው መጥተው ፍቱን ይበሉ እንጂ እኔ በአንድ ወገን ቃል አልፈታውም።» ከዚያ ወደ ማንያዘዋል አዩ። ሌላውም ሰው አየ። ማንያዘዋል ከአጠገቡ የተቀመጠውን የዞን ሰው አየ። አንድ ሰው ቢራውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ። ያን ጊዜ ሽማግሌነቱን የመሩት አያ አለምነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ምኑ ነው የሚፈታው? በእንዲህ ያለ ቀን ምን ነገር መጣ?» አሉ።

«የሺዋስ ማን እንዳዘዘው ይናገር ነው የምለው።»

«ማን አዘዘው?» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ፣ ጥቂቶች ሳቁ። «ፍርድ ቤት ያጣውን አንቺ ልታመጪው ነው?»

«አዎ» አለች አምሳል። «እኔ ሰምቻለሁ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። ዓለምዬ ከሴቶቹ መካከል «አበልጅ» አለች፣ ልመና ይሁን ማስጠንቀቂያ ሳይለይ። አያ አለምነህ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ እንደ ጥሩ ሽማግሌ፣ ከነገሩ ይልቅ የነገሩን ቀዳዳ ነበር የሚፈልጉት፤ አገኙትም። «እንዲያው» አሉ ዞር ብለው፣ «ያን ዕለት ግዝቱ ሲገባ አምሳል የት ነበረች?» ዓለምዬ መለሰች፤ «ጓዳ ነበረች። ወጥ ስታወጣ።» አያ አለምነህ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግድግዳ ሠርቶ አንድ ድንጋይ የረሳ ግንበኛ ይመስላሉ። «እንግዲያ ሳትገባ ቀርታለች። የኛ ጥፋት ነው፣ ሴት ናት ብለን። ምንም አይደል፣ አሁን ትግባ። መምሬም አሉ፣ ሰውም አለ። እዚሁ ትሳለምና ነገሩ ይዘጋ።»

መምሬ ገዱ የእጅ መስቀላቸውን አወጡ። በፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የታመመ ልጅ መድኃኒት ሊያጠጡ የተነሡ ነበር የሚመስሉት። «ነይ ልጄ» አሉ። መስቀሉ ግንባሯ ላይ ሊደርስ አንድ ክንድ ያህል ቀረው። አምሳል በሕይወቷ የካህን መስቀል ወደሷ መጥቶ ሳትሳለም አልፋ አታውቅም፤ አንገቷ በራሱ ጊዜ ጎንበስ ሊል ሲል ተሰማት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «አልሳለምም፣ አባቴ» አለች። ከሴቶቹ ወገን አንዷ «ወይ መዓቱ» ስትል ሰማች፣ ሌላዋ አማተበች። ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ስትወጣ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች መንገድ የለቀቁላት ከአክብሮት አልነበረም፤ ልብሷ እንዳይነካቸው ነበር።

ማረሚያ ቤቱ ጠያቂ የሚያስገባው እስከ አሥር ሰዓት ነው። ስንቅ ስላልያዘች ፈታሿ ተገርማ አየቻት። ጠያቂና ታሳሪ በሁለት የእንጨት አጥር መካከል፣ ክንድ ተዘርግቶ በማይደርስበት ርቀት ነው የሚነጋገረው፤ ግራና ቀኝ ሌላው ሰው ይጮኻል፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ላም፣ ስለ ጫማ ቁጥር። የሺዋስ ሹራቡን ደርቦ እየሳቀ መጣ። ሰምቷል፤ እስር ቤት ከከተማው ቀድሞ ይሰማል። «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «እንግዲህ የኔም ደረሰ ማለት ነው።» አምሳል ሁሉንም ነገረችው፤ የሰይፈ ሥላሴን ንባብ፣ የእጅ ውሃውን፣ ድንኳኑን። ሳቁ የሄደው ግልባጩ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ ብሩን ብቻውን እንዳወጣ መጻፉን ስትነግረው አልነበረም። መስቀሉን አልሳለምም ማለቷን ስትነግረው ነበር።

«ሲሲ አለች እኮ» አለ።

«ስለ ሲሲ ብዬ ነው።»

«ያርጋልን ረሳሽው?» ያርጋል አምባራስ በሚባል ገጠር የሚኖር ታላቅ ወንድሙ ነው። በድንበር ጉዳይ የተገዘተበትን አፍርሶ መሰከረ፣ በዚያው ክረምት ልጁ ከገደል ወደቀ። አምሳል ገደሉን ታውቀዋለች። ሣሩ እርጥብ ነበር፣ ልጁ ፍየል ሊመልስ ሮጠ፤ ከያርጋል በፊትም ከያርጋል በኋላም ልጆች ወድቀውበታል። ይህን ከዚህ በፊት ነግራዋለች፣ አሁን አልደገመችውም። «ነገ ማመልከቻውን አመጣልሃለሁ፣ ትፈርማለህ» አለች። «የምመሰክረው እኔ ነኝ። አንተ ስሙን አታነሣም፣ እኔ አነሣዋለሁ። እኔ አልተገዘትኩም።»

የሺዋስ በሁለት እጁ እንጨቱን ያዘ። ድምጹን ከፍ ማድረግ አልቻለም፣ ከአጠገቡ ያሉት እየሰሙ ነው። «አልፈርምም» አለ። «አንቺ ብትመሰክሪ ደግሞ፣ ሚስቴ ውሸቷን ነው እላለሁ። ዳኛው ፊት ቆሜ፣ ዓይንሽን እያየሁ እላለሁ። አምስት ዓመት ያልቃል፣ አምሳል። ያለቀ ልጅ አይመለስም።» የሚወደው ልጁን ነው፣ የሚፈራው እግዜርን ነው፤ በሁለቱም ልትከሰው አትችልም። ጠባቂው ፊሽካ ነፋ። የሺዋስ ሲሄድ ዞር ብሎ «ነገ ጨው አምጪልኝ» አላት። ጨው ይፈቀድ አይፈቀድ እሷም አታውቅም።

ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተቃርቦ ነበር። ሰይፈ ሥላሴ ወረቀቱን ወደ ላስቲክ ቦርሳው እየከተተ፣ በብርዱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ከማዶ፣ ከማንያዘዋል ግቢ፣ የድምጽ ማጉያ ዘፈን ይሰማል። ከፊቱ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና የሺዋስ ያላትን ነገረችው። ሰውየው የከተተውን መልሶ አላወጣም። «እንግዲያ የይግባኙ ነገር አበቃ» አለ። «ይግባኝ ባዩ እሱ ነው። እሱ ካልፈረመ እኔ የምጽፈው የበርበሬ መጠቅለያ ነው።»

«ለዐቃቤ ሕጉስ?»

«ለዐቃቤ ሕግ ማንም መጻፍ ይችላል። ግን ልንገርሽ፣ እህቴ። ሰበር ላይ አዲስ ምስክር ይሰማል አይሰማም እኔ አላውቅም፤ አይሰማም የሚሉ ይበዛሉ። ቢሰማም ባልሽን አያወጣውም። የወጣውን ይመልስ ይሆናል፣ እሱም ይሆናል ነው። አንቺ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ነገ ማን በሩን እንደሚከፍትልሽ አስበሽበታል?»

አስባበታለች። ከማረሚያ ቤቱ እስከዚህ የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ለማሰብ ይበቃል። ወይዘሮ ጤናዬ የመምሬ ገዱ የነፍስ ልጅ ናቸው፤ ነገ ሲሲን ይዘው ትምህርት ቤት ይሂዱ አይሂዱ አታውቅም። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ባሌን ላውጣ ስትል ኖራለች፤ አሁን ባሏን የሚያወጣ ነገር በእጇ የለም፣ ያላት የሰማችው ብቻ ነው። «ጻፍ» አለችው።

ሰይፈ ሥላሴ ተንፍሶ ቦርሳውን ከፈተ። የሚቀጥለውን ቃል የሚነግራት ሰው ስለሌለ እሷው እየተናገረች እሱ ጻፈ። እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ። የሺዋስ የሲሲን ጫማ ሚስማር እየመታ ስለነበር ስልኩን ድምጹን ከፍቶ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። አቶ ማንያዘዋል፣ «ከእናቶቹ ሂሳብ አውጣና ለሾፌሩ ስጠው፣ በኋላ እናወራርደዋለን» አለ። ባሌ፣ «እሱ የገበሬው ብር ነው፣ አይነካም» አለ። አቶ ማንያዘዋል፣ «እኔ አለሁ አልኩህ፣ አውጣ» አለ። ባሌ፣ «እሺ» አለ።

ሰይፈ ሥላሴ «አውጣ» እስከሚለው ጽፎ እጁን አቆመ። ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አንሥቶ ቀና ብሎ አያት። «ይቺን ‹እሺ› የምትለዋን» አለ፣ «ብንዘላት ምን ይመስልሻል? አይነካም ብሎ እንቢ እንዳለ ብናቆመው ለባልሽ ይሻለዋል። ‹እሺ› ካለ እኮ እያወቀ ሰጠ ማለት ነው። የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ማን ይጠይቅሻል?»

አምሳል ወረቀቱን አየችው። የሰውየው የእጅ ጽሑፍ ንጹሕ ነው፤ ከመጨረሻው ቃል ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ አንዲት ቃል በልክ ይይዛል። ቤቱ ያልተሠራላቸው ሴቶች ታወሷት ማለት አይቻልም፤ የታወሳት የየሺዋስ ድምጽ ነበር፣ ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ «እሺ» ሲል፣ እሷም ሰምታ ዝም ብላ ድስቷን ስታማስል።

«ጻፋት» አለች። «ከሥሯ ደግሞ እኔም እዚያው ሆኜ ዝም እንዳልኩ ጻፍ።»